“ኖርማል” ብዬ የፈረድኩባት ሴት

ዶክተር ጥሩወርቅ በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። የስንብቱን ዝግጅት የሚያሰናዱት ወጣት መምህራን ባለፈው ሳምንት አንድ ቅጽ አምጥተው ሰጡኝ። ስለ ዶክተሯ የሙያ ሕይወት ግማሽ ገጽ ጻፍ ነው ነገሩ። ከሥሩ ሰንጠረዥ አለው፤ የተማሩበት፣ ያሳተሙት፣ ያስተማሩት፣ የተሸለሙት ይሞላበታል። ሳልሞላው መለስኩት።

“ምነው? ከአንተ በላይ የሚያውቃቸው ማን አለ?” አሉኝ።

“ስለማውቃቸው ነዋ” አልኳቸው።

ሐኪምነትና ባዮኬሚስትሪ በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ምን መሥራት እንደሚችሉ ያየሁት በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ የገጠር ግቢ ውስጥ ነው። ያን ቀን እንዳለ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጎንደር ከተማ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። አዘዞ ከታላቅ እህቴ ቤት ጠዋት በሚኒባስ እመጣለሁ፣ ማታ በሚኒባስ እመለሳለሁ። ሰነፍ አልነበርኩም። ግን እውነቱን ለመናገር ደንታ ቢስ ነበርኩ። ለእኔ ደም ማለት ቁጥር የተለጠፈበት ቱቦ ነው። ማሽኑ ያለውን እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ማኅተም አደርጋለሁ። ወረቀቱ ከመስኮታችን ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ አስቤ አላውቅም።

ዶክተር ጥሩወርቅ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። በዚያ ላይ ደግሞ ባዮኬሚስትሪ ተምረዋል። ጠዋት ሕሙማን ያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋናቸውን ሳያወልቁ ላቦራቶሪ ገብተው ከእኛ ጋር ቱቦ ያጥባሉ። ሐኪሞቹ “የላቦራቶሪ ሰው ናት” ይሏቸዋል፤ የእኛዎቹ ደግሞ “ሐኪም እዚህ ምን አገባት?” ይላሉ። ሁለቱም ወገን የእኔ አላላቸውም። አጭር ናቸው፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ሲቆጡ አይጮኹም። ሲቆጡ ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው ነበር የሚያስፈራን።

በጥቅምት፣ አንድ ሰኞ ቀን፣ ከዳባት በላይ ካለ ገጠር ታከለ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ገበሬ በቃሬዛ መጣ። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፤ ሽንቱ ጥቁር ሻይ ይመስላል፤ ከንፈሩ ደም የለውም። ከሦስት ቀን በፊት ሲያርም የዋለ ጎልማሳ አሁን ቀና ብሎ መቀመጥ አልቻለም። እናቱ እማማ ካሰችና የእናቱ ታላቅ ወንድም አያ ሙጬ ናቸው ያመጡት።

ዶክተር ጥሩወርቅ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “ምን በላ?” የሚል ነበር።

“ምን ይበላል፤ ወቅቱ የእሸት ነው። እሸት ባቄላ በላ” አለች እናቱ።

ዶክተሯ ቶሎ ደም እንዲሰጠው አዘዙና አንድ ምርመራ ጨመሩ። በቀይ የደም ሕዋሳችን ውስጥ ሕዋሱን ከጉዳት የሚጠብቅ አንድ ኢንዛይም አለ። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ያንሰዋል። እንዲህ ያለው ሰው ባቄላ፣ በተለይ እሸቱን ከበላ፣ ሕዋሱ እንደ አረፋ እየፈነዳ ያልቅበታል። በእኛ ደጋ እምብዛም ስለማይታይ ወደ ሐሳቡ የሚመጣለት ሐኪም ጥቂት ነው። ለእሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት ነገር ነው።

ምርመራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ከጤነኛ ሰው ክልል ውስጥ ገባ። “ኖርማል” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አያ ሙጬ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

“ምን አለው፣ ልጄ?”

“ምንም የለውም። ኖርማል ነው” አልኩት፤ ቀና ብዬም አላየሁትም።

“ይኸን በወረቀት ትሰጠኛለህ?”

ቅጂውን ሰጠሁት። አጥፎ ኪሱ ከተተና “እንዲያማ ከሆነ የኛው ጉዳይ ነው” ብሎ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሌላ ቱቦ አነሳሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ጥሩወርቅ ወረቀቱን ይዘው መጡ። እማማ ካሰች ከኋላቸው ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል።

“ጌታሁን፣ ይኸን የጻፍከው አንተ ነህ?”

“አዎ ዶክተር። ማሽኑ እኮ...”

“ማሽኑን አልጠየቅኩትም። አንድ መንደር ውስጥ በሽታ ገብቶ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ቢጨርስ፣ የቀሩት ወጣቶች ብቻ ቢሆኑ፣ አንተ ገብተህ ስታይ ‘የዚህ አገር ሰው አያረጅም’ ብለህ ትጽፋለህ?”

 አሁን ገባኝ። ኢንዛይሙ የሚያንሰው ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚረግፉት ያረጁት ሕዋሳት ናቸው። የሚተርፉት ገና የተወለዱት፣ ኢንዛይማቸው ያላለቀው ናቸው። በዚያ ሰሞን የተመረመረ ደም ጤነኛ መስሎ ይታያል። ሦስት ወር ቆይቶ መድገም ያስፈልጋል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም መልሼበታለሁ። ግን በሽተኛው ሲፈነዳ የሰነበተ ደም ይዞ እንደመጣ የሚናገረውን የዶክተሯን የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ገልብጬ አላየሁትም።

“አሁን ደግሞ ይህች እናት የምትለውን ስማ” አሉኝ።

እማማ ካሰች እያነባች ነገረችኝ። የታከለ ሚስት ዘነቡ ትባላለች። አያቶቿ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ከወገኖቿ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። እሷ እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት፣ ጎረቤት አሳድጓት እዚያው ቀረች። ታከለ ወዷት ነው ያገባት። በገባች በመጀመሪያው መኸር የታከለ ታላቅ ወንድም መላኩ ልክ እንዲህ ቢጫ ሆኖ በአራተኛው ቀን ሞተ። በሁለተኛው መኸር ይኸው ታከለ ወደቀ። ሸክላ ሠሪ ሰው ይበላል የሚለውን ክፉ ወሬ መንደሩ ሁሉ አነሳው። አያ ሙጬ የእኔን ወረቀት ይዞ ተመልሶ “ሐኪም በሽታ የለውም ብሏል፤ እንግዲህ የበላው ሰው ነው” አለ። ቅዳሜ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዘነቡን ከአገር ሊያስወጣት ተቀጣጥሯል፤ ይህን የነገራት ጠዋት ስንቅ ያመጣላት የመንደር ሰው ነው።

“ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፣ ልጄ። ማን ይሟገተዋል?” አለችኝ እማማ ካሰች።

ያን ወሬ እኔም እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አምኜበት አላውቅም እላለሁ፤ ግን ተነስቼ ሐሰት ነው ያልኩበትም ቀን የለም።

ዶክተር ጥሩወርቅ ወደ ክፍል ኃላፊው ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

“ለመንደር ወሬ መኪና አናዝም” አሉ ኃላፊው። “ከሦስት ወር በኋላ ምርመራውን ይድገሙት። ሳይንሱ የሚለው ይኸው አይደለም እንዴ?”

“ሳይንሱ ሦስት ወር ይላል። ሴትየዋ ያላት ግን ሁለት ቀን ነው።”

“የእርስዎ ሥራ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው፣ ዶክተር።”

“የሆስፒታሉ ማኅተም ከግቢው ወጥቷል። ሥራዬ ማኅተሙ ያለበት ቦታ ነው” ብለው ወጡ።

ኮሪደሩ ላይ እየሄዱ ያሰቡትን ነገሩኝ። ይህ ጉድለት ለወንድ ልጅ የሚመጣው በእናቱ በኩል ነው። ስለዚህ የእናቱ ወንድምም ሊኖርበት ይችላል፤ ግማሽ በግማሽ ነው ዕድሉ። አጎትየው ደግሞ አልታመመም። ደሙ ውስጥ አሮጌውም አዲሱም ሕዋስ በቦታው አለ፤ አያታልልም።

“አጎቱ ማለት... አያ ሙጬ? ከሳሹ?”

“እሱው።”

“ደሙን አይሰጥም!”

“ልንጠይቀው ነው እንጂ ልንይዘው አይደለም። አንተስ ትመጣለህ?”

አልመጣም ማለት ይቻል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር እንኳን።

ቅዳሜ ማለዳ ጎንደር መናኸሪያ ተገናኘን። እሳቸው በትከሻቸው ቦርሳ፣ እኔ በረዶ የተሞላ ሣጥን ይዣለሁ። ሣጥኑ ውስጥ የምርመራው ፈሳሽ አለ። ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ሐምራዊ ብርሃን የምታወጣ አንዲት የእጅ መብራትና ማጣሪያ ወረቀት። ምርመራው ቀላል ነው፤ ጠብታ ደም ከፈሳሹ ጋር ይቀላቀላል፣ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፣ በጨለማ በዚያ መብራት ይታያል። የጤነኛ ሰው ደም ያበራል። ኢንዛይሙ የሌለው ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

ዳባት ወርደን ከእማማ ካሰች ጋር ሁለት ሰዓት በእግር ሄድን። ገብሱ ሊደርስ ነው፤ የባቄላው ማሳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነው። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።

“ዶክተር፣ ባይሆንስ? የአጎትየው ደም ቢያበራስ?” አልኳቸው።

“እዚያው እነግራቸዋለኋ። የእሱ ጤነኛ ነው፣ የታከለን ደግመን እስክናይ ጠብቁ እላለሁ።”

“አይጠብቁም። ያባርሯታል።”

“ያን ጊዜ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ለመቀመጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።”

ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። ወንዶቹ በአጥሩ ሥር በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ራቅ ብለዋል። ዘነቡ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ ተቀምጣለች። አጠገቧ በነጠላ የታሰረ ልብስና አንድ እንስራ አለ። የእሷ የሆነው ያ ብቻ ነው፤ ከቤት አውጥተው ያስቀመጡላት እነሱ ናቸው። አታለቅስም። እጇን እያገላበጠች ታያለች።

አያ ሙጬ መሐል ቆሟል። ሲያየን አልደነገጠም።

“ሸጋ መጡ፣ ዶክተር። እንግዲህ የገዛ ሆስፒታልዎ የጻፈውን ያንብቡልን” ብሎ ወረቀቱን ዘረጋ።

ከሩቅ የእጅ ጽሑፌን አወቅሁት። የ“ኖ” ቅጥሏ እንደልማዴ ተንጋዳለች።

“የጻፈው ሰው አብሮኝ ነው። እሱ ቢናገር ይሻላል” አሉ ዶክተር ጥሩወርቅና ወደ ጎን ቆሙ።

ይህን እንደሚያደርጉ አልነገሩኝም ነበር። ያ ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። 

“እኔ ነኝ የጻፍኩት” አልኩ። “ተሳስቻለሁ። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን አየሁ እንጂ ሰውየውን አላየሁም። ታከለ በሽታ የለበትም ማለት አልነበረብኝም።”

ግቢው ተንጫጫ። አያ ሙጬ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘና አፍጥጦ አየኝ።

“ሰኞ የለበትም አልክ። ዛሬ አለበት ትላለህ። የትኛውን ቀን እንመንህ?”

 ዛሬም ቢሆን ለዚያ ጥያቄ መልስ ያለኝ አይመስለኝም።

“ልክ ጠየቁ” አሉ ዶክተር ጥሩወርቅ። “አያ ሙጬ፣ እኛን አይመኑን። በዓይንዎ አይተው የሚያምኑትን ነገር ይዘን መጥተናል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ እሸት ባቄላ ይበላሉ?”

ሰውየው ቅንድቡን ሰበሰበ። “ይኸ ምን አገናኘው?”

“ብቻ ይመልሱልኝ።”

“አልወድም።”

“አያ ሙጬ!” እማማ ካሰች ከሴቶቹ መሐል ወጣች። “አልወድም ነው የምትል? እናታችን አይደለችም እንዴ የከለከለችህ? ልጅ ሆነህ በልተህ፣ ሽንትህ ጠቁሮ፣ ሊቀብሩህ ከፈን እስኪያዘጋጁ ደርሰህ አልነበር? ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ወንድ ልጅ እሸት ባቄላ እንዳይነካ ብላ ስትቆጣ አልኖረችም?” ደረቷን መታች። “ዘነቡ ሳትገባ እሷ ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ ረሳነው! ለምን እንደከለከለች ስላልነገረችን ረሳነው። ዘነቡ እሸቱን ቆርጣ ስታመጣ ‘ብሉ’ ያልኩ እኔ ነኝ!”

 ዶክተር ጥሩወርቅ ወደ አያ ሙጬ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

“ጠብታ ደም እፈልጋለሁ። እዚህ ሰው ፊት አይደለም፤ ቤት ውስጥ። የሚወጣው ነገር የእርስዎ ነው። ያለ ፈቃድዎ ለማንም አልናገርም። ቢፈልጉ ይናገሩት፣ ባይፈልጉ ዝም ይበሉ።”

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተን ውጤቱን ለከሳሹ ሰጥተን ልንሄድ? ክንዳቸውን ያዝኩና “ዝም ቢልስ?” አልኳቸው።

“ደሙ የእሱ ነው” አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

 አያ ሙጬ ጎንበስ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ዘነቡ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

“የኔም ይታይ” አለች። ድምጿን የሰማነው ያኔ ነው። “በልታለች ካላችሁ የኔም ደም ይታይ።”

አራታችን ገባን፤ አያ ሙጬ፣ ዘነቡ፣ ዶክተሯና እኔ። መስኮት የሌለው ቤት ነው፤ በሩን ስንዘጋው ጨለመ። በዶክተሯ ስልክ መብራት ከአራታችንም ጣት ደም ወሰድኩ። በየቱቦውና በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት በእስክሪብቶ አደረገ። አያ ሙጬ መስቀል ሣለ፣ ዘነቡ ክብ። ዶክተሯ እንዲህ ያስደረጉን ማንም በማንም እንዳያሳብብ ነው።

ፈሳሹ እንዲሠራ የሰውነት ሙቀት ይፈልጋል። ቤቱ ደግሞ በረዶ ነው። አራቱን ቱቦዎች ብብቴ ውስጥ ከተትኳቸውና ክንዴን አጥብቄ ቆምኩ። አሥር ደቂቃ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ አሥር ደቂቃ አላውቅም።

አያ ሙጬ መደቡ ላይ ተቀምጦ በጨለማው ተናገረ። “መላኩን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባታቸው ሲሞት ገና ልጅ ነበር። እርሻ ያስተማርኩት እኔ፣ የቀበርኩት እኔ። ሰው እንዲህ ያለ ምክንያት ይሞታል? ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው ይኑር አልኩ።”

 ዘነቡ በረጅሙ ተነፈሰች።

ጠብታዎቹን ምልክቶቹ ላይ አኖርኩ። እስኪደርቁ ጠበቅን። ዶክተር ጥሩወርቅ የስልካቸውን መብራት አጠፉና ሐምራዊዋን አበሩ።

ሦስቱ ጠብታዎች ሰማያዊ ሆነው አበሩ፤ የዘነቡ ክብ፣ የዶክተሯ፣ የእኔ። መስቀሉ ላይ ምንም የለም። ጥቁር ነው።

አያ ሙጬ ጎንበስ ብሎ አየው። ጣቱን ወደ መስቀሉ አስጠጋ፤ አልነካውም።

“የኔ ነው።”

“አዎ” አሉ ዶክተሯ።

“የመላኩም እንዲህ ነበር?”

“የመላኩን ደም አላየሁም። ያላየሁትን እርግጠኛ ነኝ አልልዎትም። ግን ይመስለኛል።”

“ታከለስ?”

“ትናንት ዓይኑ መንጣት ጀምሯል። ይተርፋል። ባቄላ ግን ዳግመኛ አይነካም።”

የዘነቡ ድምፅ ከጥጉ መጣ። “በእጄ ፈልፍዬ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ለመላኩም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ለየኝ?”

ዶክተር ጥሩወርቅ መብራቷን ወረቀቱ ላይ ትተው ወደ እሷ ሄዱ፤ ሁለት እጇን ያዙ። “ስሚኝ ልጄ። ማንም ሴት ለባሏና ለቤተሰቡ እሸት ታጎርሳለች። አብልተሽዋል እንጂ አልበላሽውም። ይህን ዕድሜሽን ሙሉ እንዳትቀላቅይው።”

ዘነቡ ያኔ አለቀሰች።

አያ ሙጬ በሩን ከፍቶ ወጣ። እኛም ተከተልነው። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። አያ ሙጬ ግን ዝም አለ። ዶክተሯን አየኋቸው፤ አፋቸውን ገጥመው መሬቱን ያያሉ። እኔ ልናገረው ብዬ አንድ እርምጃ ራመድኩና ‘ደሙ የእሱ ነው’ ያሉኝ ትዝ ብሎኝ ቆምኩ።

“እህ፣ ምን አሳዩህ አያ ሙጬ?” አለ አንድ ጎልማሳ ከአጥሩ ሥር። “በመብራት ነው ያታለሉህ?”

“ደሜን ነው ያሳዩኝ” አለ አያ ሙጬ። ወረቀቱን፣ የእኔን ወረቀት፣ ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው። “የታመመው የኛ ደም ነው። ከእናቴ ወርዶ ነው እኔም፣ መላኩም፣ ታከለም ጋር የመጣው። ይህች ልጅ ከኛ ምንም አልወሰደችም። የሷ ደም ይበራል፤ የኔ ነው ጨለማ።”

ከዚያ ሄዶ እንስራዋን አነሳ። ሽማግሌ ሰው፣ ወንድ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንስራ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤት መለሰው።

ሁሉም አመነ ብዬ አልዋሻችሁም። አንዲት ሴት “አስማት ነው” ብላ ምራቋን ተፍታ ሄደች። ከወንዶቹም አኩርፈው የወጡ አሉ። የቀሩት ግን ከሩቅ ሆነው ማየታቸውን አልተዉም። ዶክተር ጥሩወርቅ ያንን አዩና በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ።

“ዘነቡ” አሉ፤ ያ ቀጭን ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ሲል ሰማሁት። “ርቦኛል። ቤትሽ ምን አለ?”

የተቀቀለ ድንች ነበር፤ ከድቁስ ጋር አቀረበችው። እሷ ፊት መብላት ያስፈራል ይባል ነበርና ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ዶክተሯ “አጉርሺኝ” አሏት። አጎረሰቻቸው። ቀስ ብለው አላመጡና “አንድ ጊዜማ ያጣላል፤ ድገሚኝ” አሉ። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስቀበል ልቤ መትቷል። እኔ፣ የተማርኩት፣ ደሟ ሲበራ አሁን በዓይኔ ያየሁት ሰው። ያን ቀን ካፈርኩባቸው ነገሮች ሁሉ ይህኛው ይበልጣል። ዋጥኩትና ደገምኩ።

ሰኞ ሥራ ስንገባ ለዶክተር ጥሩወርቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቃቸው። ያለ ፈቃድ የሆስፒታሉን ንብረት ይዞ መውጣት ይላል። አንብበው ፈረሙበትና “ቅጂው ለእኔም ይድረሰኝ” አሉ። “ሌላ ጊዜም እንደዚህ ያለ ነገር ከመጣ አወጣዋለሁ። ደብዳቤውን ከአሁኑ አዘጋጁት።” ያ ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ ማኅደራቸው ውስጥ አለ። ሽልማቶቻቸውን የሚዘረዝር ሰው ካለ ከላይ ያስቀምጠው።

ታከለ ድኖ ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ ደሙን እኔው መረመርኩት። መብራቷ ሥር ጨለማ ነበር። ውጤቱን ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ራሴ ታከለና ዶክተሯ ወዳሉበት ክፍል ወጣሁ። ያ ልማድ ሆኖኝ ቀረ። አሁን የላቦራቶሪው ኃላፊ ነኝ፤ አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች የሚያማርሩብኝ በዚህ ነው። “ይህ ደም የማን ነው? ምን ሆኖ መጣ? ማን ይጠብቀዋል?” ብዬ ሳልጠይቅ አላስፈርምም። ሥራ ታዘገያለህ ይሉኛል። አዎ፣ አዘገያለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼም ወረቀት ሲሰጣችሁ “ምን ማለት ነው?” በሉ። ማኅተም አያስፈራችሁ፤ ማኅተሙን የሚመታው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ “የእኛ ሥራ እስከዚህ ነው” የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ዶክተር ጥሩወርቅ ያን ቀን ቢሰሙት ኖሮ እኔ ዛሬም “ኖርማል” እያልኩ እፈርም ነበር፤ ዘነቡም የት እንዳለች የሚያውቅ አይኖርም ነበር። አያ ሙጬን ይህን ልጽፈው ብዬ ስጠይቀው “ጻፈው፤ ደሜን ያየ ሰው ሁሉ ይይ” ብሎኛል። ስሞቹን ግን ቀይሬያቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ታከለና ዘነቡ የሰባት ዓመት ወንድ ልጃቸውን ይዘው መጡ። አባቱ ፈርቷል። ዶክተር ጥሩወርቅ ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መብራቱን አጠፉ። ጠብታው ሰማያዊ ሆኖ አበራ። “አባት ይህን ለወንድ ልጁ አያወርስም” አሉት ታከለን። “ወንድ ልጅ ከእናቱ ነው የሚወስደው። የዚህ ልጅ እናት ደግሞ ጤነኛ ናት።”

ዘንድሮ በእሸት ወቅት እማማ ካሰች ሆስፒታል መጥታ ነግራኛለች። አያ ሙጬ አርጅቷል፤ ማሳው ዳር ተቀምጦ፣ ራሱ የማይቀምሰውን ባቄላ እየፈለፈለ ለዚያ ልጅ ያጎርሰዋል አለች።

“ብላ” ይለዋል፤ “አንተ በእናትህ ወጥተሃል።”